አንገቴ ላይ የነበረው ጥቁረት እድፍ አልነበረም፦ ፒሲኦኤስ ያለብን የወሎ ልጆች እስኪ እንነጋገር

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለናንተ ይሁን እህቶቼ። ሁሌ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የማልፈው ዛሬ ግን አልቻልኩም። 27 አመቴ ነው፣ ፒሲኦኤስ የሚባለው ፔሬድ የሚያዛባና የወንድ ሆርሞን የሚያበዛ የሆርሞን ችግር አለብኝ። 14 አመቴ አካባቢ አንገቴ ከኋላ በኩል መጥቆር ጀመረ፣ ዝም ብሎ ጥቁረት አይደለም ሲነካ ወፈር ያለ ከፋይ ጨርቅ የመሰለ ነገር ነው፣ ብብቴም እንደዛው ሆነ። እማዬ እድፍ መሰላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮ በርጩማ ላይ ታስቀምጠኝና ሎሚ ለሁለት ከፍላ በሳሙና አንገቴን ትፈትገዋለች፣ አንድ ቀን ውሃው ቀላ ብሎ ሲወርድ አይታ ሎሚውን ወረወረችውና እሷም አብራኝ አለቀሰች። "ሰው ልጇን አታጥብም ይለኛል" ነበር የምትለው። ከዛ ወዲህ ሻሽ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም፣ ክፍል ውስጥም ከኋላዬ ሰው እንዳይኖር ብዬ መጨረሻ ወንበር ነበር የምቀመጠው።

ፔሬዴ በ3 ወር በ4 ወር ነው የሚመጣው፣ አገጬ ላይ ፀጉር አለ በክር ነው የማስነሳው። 22 አመቴ ላይ አንድ ቦታ ሄጄ አልትራሳውንድ ታየሁና "ፒሲኦኤስ ነው፣ ኦቫሪሽ (እንቁላል ማምረቻሽ) ላይ ብዙ ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች አሉ፣ ስታገቢና ስትወልጂ ይለቅሻል" ተብዬ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ይዤ ወጣሁ። ኪኒኑ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም ፔሬዴን አስተካክሎልኛል። ግን ስለ ስኳር ማንም አልጠየቀኝም፣ ሻሽሽን አውርጂ ያለኝም የለም። 5 አመት ሙሉ።

ባለፈው ወር ሌላ ሐኪም ጋር ሄድኩ፣ ገና ቁጭ ከማለቴ "አንገትሽን ልየው" አለችኝ። አየችና "ይሄ እድፍ አይደለም የኔ እህት ኢንሱሊንሽ በዝቶ ነው" ስትለኝ እዛው እንባዬ መጣ። በባዶ ሆድ ስኳሬ 98፣ ደህና የሚባል ነው። ከዛ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ በጥብጠው አጠጡኝ፣ ሁለት ሰአት ቁጭ ብዬ ሲለካ 168 ሆነ። ከ140 በታች መሆን ነበረበት። ጠዋት የተለካውን ብቻ ቢያዩ ኖሮ ደህና ነሽ ብለው ይሸኙኝ ነበር። ስኳር በሽታ ገና አልሆነም ግን መንገዱ ላይ ነሽ አለችኝና ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ጀመርኩ።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ፣ በኛ ምግብ እንዴት ነው የምትበሉት? ሜትፎርሚንስ ሆዳችሁን እንዴት አደረገው? እኔን ገደለኝ።

ነርስ ከኮምቦልቻ

እታለም አይዞሽ፣ ያቺ ሐኪም ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረገችው። ጥያቄሽን ከመመለሴ በፊት ነገሩ ከስሩ ይግባን፣ ምክንያቱም ብዙ ሴት ፒሲኦኤስን የማህፀን በሽታ አድርጋ ብቻ ነው የምታየው።

ኢንሱሊን ከቆሽት የሚወጣ ሆርሞን ነው፣ ስራው ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ጡንቻና ጉበት እንዲቀበሉት መንገር ነው። ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ማለት እነሱ ጆሯቸው ከበደ ማለት ነው። ጎረቤት ስትጣሪ አንዴ ካልሰማችሽ ድምፅሽን ከፍ ታደርጊያለሽ አይደል፣ ቆሽትም እንደዛ ኢንሱሊኑን ጨምሮ ጨምሮ ይለቃል፣ በጩኸቱ ስኳሩ ለጊዜው ልክ ይሆናል፣ ጠዋት 98 የሆነው ለዛ ነው። ችግሩ የኦቫሪ ጆሮ አልከበደም! ለጡንቻ የተጮኸው ጩኸት እሷ ላይ ያርፍና ከአንጎል ስር ከሚመጣው ኤልኤች ከሚባለው ሆርሞን ጋር ሆኖ የወንድ ሆርሞን የሚባለውን ቴስቶስትሮን አብዝታ እንድትሰራ ያደርጋታል። ጉበት ደግሞ ቴስቶስትሮንን ይዞ የሚያስር ፕሮቲን ይሰራል፣ ኢንሱሊን ሲበዛ ያንን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ያልታሰረው ቴስቶስትሮን ደም ውስጥ ይበዛል። የአገጭ ፀጉሩ ብጉሩ የራስ ፀጉር መሳሳቱ ከዚህ ነው። ቆዳም ኢንሱሊን ሲበዛበት ሴሎቹ ይባዛሉ ይወፍራሉ፣ ያንቺ አንገት ያ ነው። በሎሚ አይለቅም ከውስጥ ነውና።

ውሃ ቋጠረ የተባለው ደግሞ እጢ አይደለም። እንቁላል የያዙ ከረጢቶች ናቸው፣ አንዱ አድጎ መውጣት ሲገባው ሁሉም መሃል ላይ ቆመው የቀሩ። ስለዚህ ቀዶ ጥገና ምናምን ብላችሁ አትደንግጡ። ስትወልጂ ይለቅሻል የሚባለውም እውነት አይደለም፣ ወልደው ያሉ ሴቶችም አብሯቸው ይኖራል።

ቀጭኗ (ሐይቅ)

እኔ 47 ኪሎ ነኝ። ፔሬዴ በአመት 4 ጊዜ ቢመጣ ነው፣ ደም ሲመረመር ቴስቶስትሮን ከፍ ብሏል ተባልኩ፣ አልትራሳውንዱ ግን ደህና ነው። ስኳሬን ልለካ ስል የካርዷ ልጅ "አንቺን ደሞ ምን ስኳር ይይዝሻል ብይ ይልቅ" አለችኝና ተመለስኩ። ፒሲኦኤስ የወፍራም ሴት ነው አይደል?

ነርስ ከኮምቦልቻ

አይደለም የኔ ሸጋ። ክብደት ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ ቀጫጭን ሴቶችም ፒሲኦኤስ አላቸው፣ ከነሱም ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ያለባቸው ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮተርዳም ላይ ሐኪሞች የተስማሙበት ነገር ከሦስቱ ሁለቱ ካሉ በቂ ነው ይላል፦ የፔሬድ መዛባት፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት በደም ወይ በምልክት፣ የኦቫሪ መልክ በአልትራሳውንድ። አንቺ ሁለቱ ስላሉሽ አልትራሳውንዱ ደህና መሆኑ አያስቀረውም። ግን ታይሮይድና ፕሮላክቲን የሚባሉት ሆርሞኖችም ይታዩልሽ፣ እነሱም ፔሬድ ያዛባሉ፣ እነሱ ሳይጣሩ ፒሲኦኤስ ነው መባል የለበትም።

የስኳሩን ምርመራ ደግሞ ጠይቂ፣ መብትሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አለም አቀፍ መመሪያ ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ክብደቷ ምንም ይሁን ምን ስኳሯ ይታይ፣ በየ 1 እስከ 3 አመቱም ይደገም ነው የሚለው፣ በጣም ትክክለኛው ደግሞ ያ የ75 ግራሙ ነው። የደም ኢንሱሊን ካልተለካ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ፣ ለዚህ አያስፈልግም።

የራያ ልጅ (ቆቦ)

እኛ ጋ እንጀራው የማሽላ ነው ጠዋት ማታ። ሐኪሙ "ካርቦሃይድሬት ቀንሺ" ብሎኝ ወጣሁ፣ ታዲያ ምን ልብላ? እንጀራ ተዪ ማለት ለኛ ምግብ ተዪ ማለት ነው። ቲክቶክ ላይ የሚያሳዩት አቮካዶና ሳልሞን ምናምን ቆቦ ገበያ ላይ የለም እኮ።

በረካ (ደሴ፣ ሸዋ በር)

የራያ ልጅ እኔ ልንገርሽ 4 አመት ሆኖኛል ከዚህ ነገር ጋር። እንጀራ አልተውኩም። አንድ ሙሉ የነበረውን ግማሽ አደረግኩ፣ በቀረው ቦታ ምስር ሽምብራ ጎመን ሰላጣ ሞላሁት፣ የደላንታ ምስር የሚያህል ምን መድሃኒት አለ። እና ቅደም ተከተሉን ቀየርኩ፣ መጀመሪያ ጎመኑንና ወጡን ትንሽ ትንሽ በልቼ እንጀራውን መጨረሻ ላይ፣ እንደዛ ሲሆን ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ቤቴ መለኪያ ማሽን ስላለችኝ በራሴ አይቼዋለሁ። ነጭ ዳቦና ማካሮኒ ግን ያው ጎዱኝ፣ ማካሮኒን በእንጀራ የምንበላበት ነገር ደግሞ አለ እሱን ጭራሽ ተውኩት። ጠዋት የገብስ ቅንጬ በቂቤ ይሻለኛል።

ግን ዋናው ምግቡ አልነበረም ቡናው ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አቦል ቶና በረካ ሦስት ሲኒ፣ በያንዳንዱ 2 ማንኪያ ስኳር፣ በቀን ሁለት ጊዜ ጠዋትና ከሰአት። 12 የሻይ ማንኪያ። አንዷ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ናት፣ ወደ 50 ግራም ስኳር ይሆናል በቡና ብቻ! ለእንግዳ የሚመጣው ለስላሳ 300 ሚሊ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፣ አረፋ ወይ ሰርግ ላይ የሚቀዳው ቃሪቦም ስኳር ተጨምሮበት ነው። ቡናን ሳልተው ስኳሩን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ አሁን ያለምንም ነው የምጠጣው። የመጀመሪያው ወር ከብዶኝ ነበር፣ ጎረቤቶቼም "ምን ሆና ነው ያኮረፈችን" ብለው ነበር፣ እስኪለምዱ ነው።

ሌላ ደግሞ እራት በልቼ አልቀመጥም፣ 20 ደቂቃ እሄዳለሁ። ደሴ ዳገት አይቸግራትም መቼም። ጡንቻ ሲሰራ ያለ ኢንሱሊንም ስኳር ይስባል ብለውኛል።

ነርስ ከኮምቦልቻ

ትክክል ብለውሻል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ኪሎ ያላችሁ 20 ኪሎ ካልቀነስኩ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ 80 ኪሎ የሆነች ሴት 4 እስከ 8 ኪሎ ብትቀንስ ፔሬዷ ሊመለስ ይችላል። ግን ኢንሱሊን በበዛበት ኪሎ መቀነስ ከሌላው ሰው ይከብዳል፣ ስንፍና አይደለም፣ ራሳችሁን አትውቀሱ። ቀጭኗ አንቺ ደግሞ መቀነስ የለብሽም፣ ላንቺ የሚሻለው ጡንቻ መገንባት ነው።

ከጅዳ

እህቶቼ እኔ የወረባቦ ልጅ ነኝ ሰው ቤት ነው የምሰራው። ፔሬዴ ለ11 ወር ጠፋ፣ እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሞዴስ መግዛት የለ ህመም የለ ስራ በዝቶብኛል ደግሞ። ከዛ በረመዳን መሃል ጀመረኝና 23 ቀን አላቆመም፣ ሽንት ቤት ውስጥ እራሴን ስቼ ማዳም አገኘችኝ። ሆስፒታል ስገባ የማህፀን ግድግዳሽ በጣም ወፍሯል ብለው ናሙና ወሰዱ፣ አልሃምዱሊላህ ካንሰር አልነበረም። አሁን በየ 3 ወሩ ለ10 ቀን የምውጠው ኪኒን ሰጥተውኛል ሳቆም ፔሬድ ይመጣል። ፔሬድ መቅረት እረፍት ነው ብላ የተቀመጠች ካለች ለሷ ነው የምጽፈው።

ነርስ ከኮምቦልቻ

አላህ ጨርሶ ያድንሽ። ይሄንን ሁላችሁም አንብቡት። እንቁላል ካልወጣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን አይኖርም፣ ፕሮጄስትሮን ከሌለ የማህፀን ግድግዳ ማደግ እንጂ መውረድ አያውቅም፣ ለአመታት እንዲህ ከሆነ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር እድሉ ይጨምራል። ከ90 ቀን በላይ ፔሬድ ካልመጣ እርግዝና አለመሆኑን አይታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። የጦሳ ልጅ ያንቺም የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን አንዱ ጥቅሙ ይሄ ነው፣ ግድግዳውን ይጠብቃል።

አሁን ወደ ሜትፎርሚን። ስንት ነው የጀመሩልሽ?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ኪኒኑን ስንወቅስ እኮ ይሄንን አናውቅም። ከጅዳ እህቴ ስላካፈልሽን አላህ ይስጥሽ። ሜትፎርሚኑ 850 ጠዋትና ማታ ነው። ባዶ ሆዴን ነበር የምውጠው ጠዋት፣ ታክሲ ውስጥ ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል።

ነርስ ከኮምቦልቻ

እሱ ነው። ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ወይ ምግብ እንደበላሽ ነው የሚወሰደው። ብዙ ጊዜ 500 ሚሊግራም በቀን አንዴ ከእራት ጋር ተጀምሮ በየሳምንቱ ወይ በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚጨመረው፣ ሆድ እስኪለምደው። ራስሽ አትቀንሺው ሐኪሟ ጋ ደውይና እንዲህ ሆንኩ በያት፣ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ አይነትም አለ ለሆድ ይሻላል ፋርማሲ ካለ ጠይቂ። የአብዛኛው ሰው ተቅማጥ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይተወዋል። ለአመታት የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ስለሚቀንስበት አልፎ አልፎ መታየት አለበት። ኩላሊትም ይታያል።

በረካ (ደሴ፣ ሸዋ በር)

እኔ ሁዳዴ ስለምፆም ከቅዳሴ በኋላ ስበላ አንዱን፣ ማታ ሌላውን ነው የምውጠው፣ ሐኪሜን ጠይቄ ነው። ጎረቤቴ በረመዳን በኢፍጣርና በሱሁር ነው የምትወስደው።

ነርስ ከኮምቦልቻ

ሜትፎርሚን ብቻውን ሲሆን ስኳርን ከልክ በታች አይጥልም በአብዛኛው፣ ለዛ ነው የሚቻለው። ኢንሱሊን ወይ ሌላ የስኳር ኪኒን አብራ የምትወስድ ግን ሐኪም ሳታማክር እንዳትፆም። ፆም ደግሞ አንድ ነገር አለው፣ ማፍጠሪያው በቴምር በሳምቡሳ በጣፋጭ ጁስ ከሆነ ቀኑን ሙሉ የተገኘው በአንድ ሰአት ይሄዳል። የሁዳዴም ያው ነው፣ ፆም ነው ብለን ዳቦና ማርመላታ ከሆነ ምሳችን።

የልጅቱ እናት (ባቲ)

ልጆቼ ሰላም ናችሁ፣ የልጄ ልጅ ናት የምትጽፍልኝ። ትልቋ ልጄ ካገባች 4 አመቷ ነው አልወለደችም። ይሄው እናንተ የምትሉት ነው የተባለችው። የባሏ እናት ሌላ ሴት ይፈልግለት ማለት ጀምራለች። ዱዓ አስደርገናል፣ ሰኞ ገበያ አንድ ሰውዬ ማህፀን የሚያጥብ ቅጠል አለኝ ብሎ 3 ሺህ ብር አለን። ልግዛላት ወይስ ምን ይሻለኛል?

ነርስ ከኮምቦልቻ

እናታለም በሞቴ ቅጠሉን እንዳይገዙ። ዱዓውን ይቀጥሉ፣ ከዱዓው ጋር ደግሞ ይህንን ያድርጉልኝ። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት መሃን አይደለችም፣ እንቁላሏ በሰአቱ አይወጣም እንጂ አላት። እንቁላል የሚያስወጣ ኪኒን አለ ሌትሮዞል ይባላል፣ በፔሬድ መጀመሪያ ቀናት ለ5 ቀን የሚወሰድ ነው፣ ለፒሲኦኤስ መጀመሪያ የሚመረጠው እሱ ነው። በሐኪም ክትትል ነው ታዲያ። ከዛ በፊት ግን ባልየው ይመርመር። የዘር ፈሳሹ ሳይታይ ልጅቷን ብቻ ማንከራተት ግፍ ነው። ስኳሯም ከማርገዟ በፊት ይታይ፣ ስኳር ከፍ ብሎ የተጀመረ እርግዝና ለእናትም ለልጅም አደጋ አለው።

ስሟን የማልጠራው ባል (ወልዲያ)

ወንድ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ አላውቅም ግን እናቴ ሆይ እኔ የባልየውን ቦታ ስለማውቀው ነው። ባለቤቴ 3 አመት ብቻዋን ነበር የምትመላለሰው እኔ ሥራ አለኝ እያልኩ። በመጨረሻ አብሬያት ስሄድ ሐኪሙ ለኔም አንድ ብልቃጥ ሰጠኝ፣ ውጤቱ የኔም ዝቅ ያለ ነበር። ሁለታችንም ታከምን። ልጃችን አሁን 8 ወሩ ነው። ለልጅዎ ባል ይሄንን አስነብቡት፣ ቢፈልግ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።

የልጅቱ እናት (ባቲ)

እግዜር ይስጥህ ልጄ እድግ በል። ዛሬውኑ አስነብበዋለሁ።

ያላገባች (መርሳ)

ከሜትፎርሚን ይልቅ ጥቁር አዝሙድና አብሽ በባዶ ሆድ በ40 ቀን ያጠፋዋል ብላ ቴሌግራም ላይ የምትሸጥ አለች፣ ሞክራችሁታል?

በረካ (ደሴ፣ ሸዋ በር)

ሞክሬያለሁ እኔ፣ ሜትፎርሚኔን አቁሜ። በ3 ወር ፔሬዴ እንደገና ጠፋ፣ ስኳሬም ወጣ። አብሽ በምግብ ብይው ጥሩ ነው ለሆድም ለሁሉም፣ መድሃኒት አስቁሞ በ40 ቀን የሚያድን ግን አላየሁም እታለም።

ነርስ ከኮምቦልቻ

እና ሜትፎርሚን የጀመራችሁ ልጅ የማትፈልጉ ተጠንቀቁ፣ እንቁላል ሳይታሰብ ሊወጣ ይችላል። ፔሬዴ አይመጣም አላረግዝም ብላችሁ አትተማመኑ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ) ከ3 ሳምንት በኋላ

እህቶቼ ተመለስኩ። ወደ 500 ወረደልኝ ከእራት ጋር፣ ሆዴ ተረጋጋ። ቡናዬ ውስጥ ያለው ስኳር አንድ ማንኪያ ላይ ደርሷል።

ግን የመጣሁት በሌላ ነው። ትናንት ማታ ይሄንን ውይይት ከመጀመሪያው ጀምሬ ለእማዬ አነበብኩላት። የሎሚው ጋ ስደርስ ዝም አለች። ጨርሼ ቀና ስል እየተነሳች ነው፣ መጥታ ከኋላዬ ቆመችና ሻሼን ፈታችው፣ በእጇ መዳፍ አንገቴን ያዘችው፣ ብዙ ቆየች እንደዛ። "አላወቅኩም ነበር" ብቻ ነው ያለችኝ። ከዛ የራሷን ሻሽ አወረደች። እናቴን 27 አመት አውቃታለሁ አንገቷን አይቼ አላውቅም። ከኔ የባሰ ጥቁር ነው። እሷም ልጅ እያለች እናቷ በገል ትፈትጋት ነበር አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ይዣት ሄድኩ፣ በባዶ ሆድ 141። ነገ ይደገማል አሉን። 52 አመቷ ነው፣ ምንም አያማትም እኮ፣ ሌሊት ውሃ ትጠጣለች ብቻ። ነርስ ካለሽ ለነገው ምን ላድርግ?

ነርስ ከኮምቦልቻ

አለሁ። 126ና ከዛ በላይ ስለሆነ ነው የሚደገመው፣ ሁለተኛውም እንደዛ ከመጣ ስኳር በሽታ ነው ይባላል፣ እንኳን አሁን ታወቀ። ዛሬ እራታቸውን እንደልማዳቸው ይብሉ፣ ከምሽቱ 4 ሰአት በኋላ ግን ምንም እንዳይቀምሱ፣ ውሃ ብቻ ይጠጡ። ጠዋት ቡና እንዳታፈይላቸው ያለ ስኳርም ቢሆን። እህቶች ካሉሽ እነሱንም ይዘሻቸው ሂጂ፣ አንገታቸውን እይ መጀመሪያ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ትንሿ እህቴ 13 አመቷ ነው። አሁን ተኝታለች። ገልጬ አየሁት፣ ጀምሯታል።